ያገለገለች፣ በጥሩ ይዞታ ላይ ያለች

ና ጠጋ በል፤ ሸራዋን ልግለጥና እያት።
ከደጅ ሆነህ ቀይ ናት አልክ፤ ፀሐይ ነው ያሳሳተህ፣
ጥላ ሥር ስትገባ የወይን ጠጅ ናት።
ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ነው፣ ቦሎዋ እስከ ፋሲካ፤
ስልሳ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ግንብም ሰውም ሳትነካ።

ጉድለቷን አልደብቅህም።
ከግራ በሯ ግርጌ የናታንያ ባሕር ጨው
ዝገት ጀምሯት ነበር፤ ፍቄ ቀባሁት፣ ጣትህ ይሂድና ይዳስሰው።
ጣራዋም እዚህ ጋ ነበር ከመስታወቱ ሥር ተቀዶ፤
ሚስቴ ትርንጎ ሰፋችው፣ ክሩ በድርብ ተገምዶ፤
ክረምቱን ሙሉ ሲዘንብ ጠብታ አልገባም አንዴም።
በብርድ ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ እምቢኝ ትላለች፤
አትታገላት፤ እስከ ሦስት ቁጠር፣ ወድዳ ትገባለች።

ባለቤቷ?
ዶክተር ኡጎ፣ የጥርስ ሐኪም፣ የሊቮርኖ ሰው፤
ዕብራይስጡ እንደኔው ስብርብር፣ ደረጃ ላይ የሚያነክሰው።
መጀመሪያ ቀን ጋራዥ መጥቶ፣ እጁን እያወናጨፈ፣
ስሙ የጠፋበትን ዕቃ በምልክት ሲያስረዳኝ፣
ሳላስበው ካፌ ላይ «ፍሪሲዮን» የሚል ቃል አለፈ።
ቀጥ አለ። «ፍሬን?» አልኩት። «ካምቢዮ? ኮፋኖ? ካንዴላ?»
ሰውዬው ሣቀ፣ ሣቀ፣ የሸሚዙ ቁልፍ እስኪላላ።
«ቋንቋዬን ማን አስተማረህ?» ሲለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ደነቀኝ፤
እኔ ይሄን ሁሉ ቃል አማርኛ ነበር የመሰለኝ!
ጎንደር፣ ከፒያሳ በታች፣ ጋሽ መንበሩ ጋራዥ ውስጥ
ቡሎን በናፍጣ ሳጥብ የለመድኩት ከሳቸው፤
እሳቸው ደግሞ ከጣሊያኑ፣
ሲሄድ ስሙን ከብረቱ ጋር እዚያው ጥሎላቸው።

አሥራ አራት ዓመት፣ ዓርብ ዓርብ ጠዋት፣ ሰንበት ሳይገባ ይመጣል።
እኔ ከሥሯ ተኝቼ፣ እሱ በርጩማ ላይ ሆኖ
ዘይቱ ሲንጠባጠብ እንሰማለን።
«ካንዴላ በኛ አገር ሻማም ነው» አለኝ አንድ ዓርብ፣
አሮጌውን ፈትቼ አዲሱን ሳስር።
እንጃ፣ ያን ቀን ዝም ብዬ ነው ያሳለፍኩት።

እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መጀመሪያ ጥርስ መንቀል ተወ።
ቀጥሎ ቁልፏን ሰጠኝ።
«ጣራዋን ክፈት። ዛሬ አንተ ንዳ።»
በባሕሩ መንገድ፣ ወደ ሀዴራ፣ ነፋሱ ባርኔጣውን ነጠቀው፤
ልቁም ብል «ተወው፣ ይሂድ» አለ፤ የቀረውን ፀጉር በመዳፉ ጠበቀው።
ፖሊስ አስቆመን። አየኝ። እሷን አየ።
እንደገና እኔን አየኝ።
«የማን ናት?»
ዶክተር ኡጎ ቀደመኝ፦
«የሱ ናት። እኔ ተሳፋሪ ነኝ፤ ሒሳቡንም ገና አልከፈልኩ።»
ልጁ አልሣቀም። ወረቀቱን ገልብጦ፣ ደግሞ ገልብጦ መለሰልን።
እስከ ቤት ድረስ ቃል አልተነፈስንም።
ለዚያ ዝምታ ዋጋ አላወጣሁለትም፤
አትፈልገው፣ ከሒሳቡ ውስጥ የለም።

አሁን አንተ «ቀንስ» ትላለህ። ገዢ ነህ፣ ያምርብሃል።
ዋጋውን የቆረጠችው ባለቤቱ ሲኞራ ኤልዳ ናት፤
ከሱ በታች አልወርድም፣ ለኔ ሰባራ ሳንቲም የለኝባት።
እሷ ያለችኝ አንድ ነገር ነው፦
«ለሚነዳት ስጥ፤ ለሚያቆማት አትስጥ።»
ስለዚህ እጅህን አሳየኝ። እጅህን፣ ገንዘቡን ተወው።

እሺ።
መለዋወጫዋ በሣጥን ነው፣ ደረሰኙም በየዓመቱ ታስሯል።
ጥግ ስትደርስ የግራ ፍሬቻዋ ይቸኩላል፤
ልማዷ ነው፣ አታሠራው።
አንድ ዕቃ ግን ከሽያጩ ቀርቷል፤ አሮጌ ካንዴላ፣
ጫፏ የከሰለ፣ ያን ዓርብ የፈታኋት።
ሰኞ ሙት ዓመቱ ነው። ሲኞራ ሻማ ታበራለች፤
ጸሎቱ ለኔ ይፈጥንብኛል፣ ካህኑን አልደርስበትም፤
እሷን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ እቆማለሁ።

በል፣ አስነሣት።